ጣና ላይ በመንጋ የሚሄደው ጥቃቅን ዓሣ «የነጭ ዓሣ ጫጩት» ነው? ማድረቅስ ይቻላል?

ጥያቄ፦ «በባሕር ዳር ዙሪያ በማኅበር ተደራጅተን ዓሣ እናሰግራለን። ከጣት የማይበልጥ ብርማ ዓሣ በመንጋ ሲሄድ ሁልጊዜ እናያለን። ሽማግሌዎቹ ‹የነጭ ዓሣ ጫጩት ነው፣ አትንኩት› ይሉናል። ሌሎቹ ‹እሱ አያድግም፣ እዚያው ነው› ይላሉ። ኬንያና ታንዛኒያ ውስጥ እንዲህ ያለውን አድርቀው እንደሚሸጡ ሰምተናል። እኛስ ብናደርቀው? ለሰው ባይሆን ለዶሮ መኖ ይሆናል?»

ምላሽ፦ ማድረቅ ይቻላል፤ ለሰውም ለዶሮም ይሆናል። ከዳር በሚጎተት መረብ ልትይዙት ከሆነ ግን ሽማግሌዎቹን ስሟቸው። ሁለቱም ወገኖች የእውነቱን ግማሽ ይዘዋል። መንጋው ውስጥ ያለው ዓሣ በአብዛኛው ያደገ፣ እንቁላል የሚጥል፣ ዕድሜውን ሁሉ 10 ሴንቲ ሜትር እንኳ የማያልፍ፣ «ትንሹ ባርበስ» የሚባል ዓሣ ነው። በዳሩ ውኃ ግን የነጭ ዓሣና የቀረሶ ጫጩት አብሮት ይውላል። መረቡ ደግሞ አይመርጥም።

በጣና ሦስት ዓይነት ትንንሽ ባርበስ አለ። የመጀመሪያው ባርበስ ሁሚሊስ ነው፤ ዳር ዳሩን፣ ድንጋይና ሣር ባለበት ይኖራል፤ ያገኘውን ሁሉ ይበላል። ሁለተኛው ባርበስ ፕሊውሮግራማ ይባላል፤ ከሁሉም ያንሳል፤ ረግረጉንና ደንገል ውስጡን ይወዳል። እነዚህ ሁለቱ ከ1902 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በሳይንስ ይታወቃሉ። ሦስተኛው ባርበስ ታናፔላጊየስ ነው፤ ስሙም «የጣና የመሀል ውኃ ዓሣ» እንደ ማለት ነው። ራሱን የቻለ ዝርያ መሆኑ የታወቀው በ2000 (እ.ኤ.አ.) ነው፤ ካሳወቁት ተመራማሪዎች አንዱ ኢትዮጵያዊው እሸቴ ደጀን ነበሩ። እስከዚያ ድረስ አጥማጁም ተመራማሪውም በየቀኑ እያየው ከሁሚሊስ ጋር ሲያምታታው ኖሯል። በቅርብ ጊዜ ጽሑፎች የሦስቱም የወገን ስም ከባርበስ ወደ ኤንቴሮሚየስ ተለውጧል፤ ሁለቱን ስም ብታዩ አንድ ዓሣ መሆኑን እወቁ። ታናፔላጊየስ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ካለው ከዚህ ሐይቅ በቀር በዓለም ላይ የትም አይገኝም። ከሐይቁ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ወረድ ብሎ ያለው የጢስ ዓባይ ፏፏቴ ከታችኛው ዓባይ የሚመጣውን ዓሣ ስለሚያግድ፣ የጣና ዓሣ ለብቻው ተዘግቶ የኖረ ነው።

እናንተን የሚመለከታችሁ በዋናነት ይኸኛው፣ የመሀል ውኃው ነው። ከሁሚሊስ ቀጠን ይላል፣ ብርማነቱ ይጎላል፣ በአፉ ዳርና ዳር ያሉት ጢሞችም አጫጭር ናቸው።

አሁን ወደ ክርክራችሁ፦ ትንሹን ባርበስ ከነጭ ዓሣ ጫጩት በምን ትለዩታላችሁ? በመጠን አይለይም፤ 6 ሴንቲ ሜትር የሆነ ጫጩትና 6 ሴንቲ ሜትር የሆነ አዋቂ ጎን ለጎን ቢቀመጡ ዓይን ይሸወዳል። አስተማማኙ ቅርፊቱ ነው። ከዓሣው ጎን፣ ከጀርባ ክንፉ በታች አንድ ቅርፊት በመርፌ ወይም በጥፍር ንቀሉ። በውኃ እጠቡትና በሁለት የመስታወት ስባሪ መሀል አድርጋችሁ ወደ ብርሃን አንሱት፤ በአጉሊ መነጽር ተመልከቱት፤ ከሌላችሁ በስልክ ካሜራ አጉልታችሁ አንሱት። ቅርፊቱ ላይ ስስ መስመሮች ይታያሉ። መስመሮቹ ከመሀሉ ተነስተው እንደ ፀሐይ ጨረር ወደ ዳር ከተበተኑ ትንሹ ባርበስ ነው። እንደ እርሻ ትልም እርስ በርሳቸው ትይዩ ሆነው ከሄዱ የነጭ ዓሣ ጫጩት ነው። ይህ ልዩነት በዕድሜ አይለወጥም፤ ገበያ ላይ ካለ የ2 ኪሎ ነጭ ዓሣ ቅርፊት ነቅላችሁ ብታዩ ያንኑ ትልም ታገኛላችሁ። መጀመሪያ በእሱ ዓይናችሁን አለማምዱት።

ሁለተኛው መለያ ሆዱ ነው። ከታች በትንሽ መቀስ ቅደዱት። 6 ወይም 7 ሴንቲ ሜትር ሆኖ በእንቁላል የተሞላ ዓሣ የማንም ጫጩት ሊሆን አይችልም፤ ነጭ ዓሣ እንቁላል የሚቋጥረው ከዚህ በብዙ እጥፍ ካደገ በኋላ ነው። እንቁላል ያላገኛችሁበት ግን ጫጩት ነው ማለት አይደለም፤ ወንድ ሊሆን፣ ጥሎም ሊሆን ይችላል። ያኔ ወደ ቅርፊቱ ተመለሱ። የቀረሶ ጫጩት አያስቸግርም፤ ጢም የለውም፣ የጀርባ ክንፉም በሹል እሾህ የተደረደረ ነው።

ወደ መረቡ ከማለፌ በፊት ይህ ዓሣ ሐይቁ ውስጥ ምን እንደሚሠራ ልናገር፤ ምን ያህል ልትይዙ እንደሚገባ የሚወስነው እሱ ነውና። ታናፔላጊየስ የሚበላው ዙፕላንክተን ነው፤ ውኃ ውስጥ የሚንሳፈፉ፣ በዓይን ነጥብ የሚያህሉ ፍጥረታት። እሱን ደግሞ ነጭ ዓሣ ይበላዋል። ከጣና ነጭ ዓሣ ዓይነቶች 8ቱ ሌላ ዓሣ እየበሉ የሚኖሩ ናቸው። ነጭ ዓሣ መንጋጋው ላይ ጥርስ የለውም፤ ትልቅ ዓሣ ነክሶ መቦጨቅ አይችልም፤ ሙሉውን የሚውጠውን ነገር ይፈልጋል። ትንሹ ባርበስ ለእሱ እንጀራው ነው።

የተሠራው ጥናት እንደሚያሳየው በአንድ ሄክታር ውኃ ላይ በአማካይ ያለው የሁሚሊስና የታናፔላጊየስ ክብደት 13 ኪሎ ግራም ያህል ነው፤ በዓመት የሚያፈራው 53 ኪሎ ግራም ገደማ። ማለትም ራሱን በዓመት አራት ጊዜ ይተካል። ፈጣን ነው። ይሁንና ከዚያ ምርት ከግማሽ በላዩን ነጭ ዓሣ ይበላዋል፤ ከተረፈው ላይ ወፉና ወደ ኋላ የማነሳው የሆድ ትል ድርሻቸውን ይወስዳሉ። የነጭ ዓሣው ብዛት ደግሞ ከ1991 እስከ 2001 (እ.ኤ.አ.) ባሉት 10 ዓመታት በ75 በመቶ ገደማ አሽቆልቁሏል፤ ዋናው ምክንያት ለመራባት ወደ ወንዝ አፍ ሲሰበሰብ በመረብ መታፈሱ ነው። የቀረውን ነጭ ዓሣ ምግቡን ከፊቱ ብታነሱበት የምትሸጡት ጥቃቅን ዓሣ ዋጋ ከሌላኛው ኪሳችሁ ይወጣል። ስለዚህ የእኔ ምክር በጥቂት ጀልባና በማኅበር ልክ የሚሠራ ሥራ እንዲሆን ነው። የቪክቶሪያን ሐይቅ ዳጋ (እዚያ አድርቀው የሚሸጡትን ጥቃቅን ዓሣ) አይታችሁ በዚያ ልክ አታልሙ፤ ጣና ጥልቀቱ በአማካይ 8 ሜትር፣ በጣም ቢበዛ 14 ሜትር የሆነ፣ ክረምት የርብና የጉማራ ወንዞች ደለል የሚያፈሱበት ሐይቅ ነው። የዙፕላንክተን ምርቱ ዝቅተኛ ነው፤ የሚቀልበውም ዓሣ በዚያው ልክ ያንሳል።

አያያዙ። ከዳር የሚጎተት ጥቅጥቅ ያለ መረብ አትጠቀሙ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፦ የነጭ ዓሣና የቀረሶ ጫጩት የሚያድገው ዳር ላይ፣ ሣሩና ደንገሉ ሥር ነው፤ መረቡ የውኃውን ወለል እየጠረገ ሲወጣ የቀረሶን ጎጆም ይንደዋል። እምቦጭ ባለበት ደግሞ ጭራሽ አይሠራም፤ ከዓሣው ይልቅ ሥሩን ስትለቅሙ ትውላላችሁ።

ታናፔላጊየስን ከዳር ርቃችሁ በመሀል ውኃ ያዙት። ለዚህ የሚመቸው ከሥር የሚነሳ መረብ ነው፤ አራት ማዕዘን፣ 4 በ4 ሜትር ቢሆን ለመጀመሪያ ይበቃል፣ ዓይኑ ተወጥሮ ሲለካ 10 ሚሊ ሜትር። ከዚህ ያነሰ ዓይን ያልደረሰውን ያመጣል፤ ለማድረቅም አይረባም፣ መድረቂያው ላይ ተጣብቆ ይቀራል። መረቡን በአራቱም ማዕዘን ድንጋይ አስራችሁ አውርዱት፣ ከወለሉ ግን ቢያንስ 1 ሜትር ከፍ አድርጋችሁ አቁሙት፤ ጭቃውን ከነካ የምታወጡት ጭቃ ነው። ሲነሳ አራቱም ገመድ እኩል መሳብ አለበት፤ አንዱ ከዘገየ መንጋው በዚያው ይፈሳል።

በቪክቶሪያና በታንጋኒካ ሐይቆች ጥቃቅኑን ዓሣ በመብራት ይጠሩታል። ጨረቃ በሌለችበት ሌሊት ፋኖስ ከውኃው በላይ ይሰቀላል፤ ብርሃኑ ዙፕላንክተኑን ይስባል፣ ዓሣው ይከተላል። የታንጋኒካ ውኃ ግን ጥርት ያለ ነው። ጣና ደፍራሽ ስለሆነ ብርሃኑ ጥቂት ወርዶ ይጠፋል፤ በተለይ ከሰኔ እስከ መስከረም ለመብራት የሚወጣ ገንዘብ ብክነት ነው። 10 ፋኖስ ከመግዛታችሁ በፊት በአንድ ፋኖስ በበጋ፣ ከወንዝ አፍ ርቃችሁ ሞክሩ። በደንገል ታንኳ ሌሊት መሀል ውኃ አትግቡ፤ ደንገል ውኃ እየጠጣ ይከብዳል፣ ነፋስ ቢነሳም የምትመለሱበት አቅም አይኖራችሁም። ሞተር ያለው የእንጨት ጀልባ፣ ለእያንዳንዱ ሰው ተንሳፋፊ ጃኬት።

ከእያንዳንዱ ጉዞ 200 ዓሣ ሳትመርጡ በእፍኝ ለዩና ቁጠሩ። ከ200ው ውስጥ የነጭ ዓሣና የቀረሶ ጫጩት ከ10 በላይ ከሆነ ቦታው አይሆንም፤ በሚቀጥለው ራቅ በሉ። ይህ እኔ የምመክረው ገደብ ነው፤ ቁጥሩን ግን ከቀኑና ከቦታው ጋር በደብተር ጻፉት። ፈቃድ ሰጪው መሥሪያ ቤት ሲጠይቃችሁ ከአፍ ክርክር ይሻላል።

አንድ ነገር አያስደንግጣችሁ። ሆዱን ስትቀዱ አንዳንዱ ውስጥ ነጭ፣ ጠፍጣፋ፣ እንደ ጥብጣብ የሚጎተት ትል ታገኛላችሁ፤ አንዳንዴ ከዓሣው ከራሱ ይረዝማል። ሊጉላ ይባላል፤ የኮሶ ትል ዘመድ ነው። መጀመሪያ በዙፕላንክተን ውስጥ ያድራል፣ ዓሣው ያንን ሲበላ ወደ ሆዱ ይገባል፣ ዓሣውን ወፍ ሲበላው በወፉ አንጀት እንቁላል ይጥላል። ወፉ እንዲበላለት ሲል ዓሣውን ያደክመዋል፤ የተነፋው ዓሣ ከውኃው ገጽ አጠገብ እየተንሳፈፈ ይታያል፣ በእጅ ሳይቀር ይያዛል። እንግዲህ ያለ ድካም በእጅ የተያዘው ዓሣ የታመመው ሊሆን ይችላል። ትሉ የያዘው ዓሣ እንቁላል አያፈራም። የሊጉላ የመጨረሻ ማደሪያ ዓሣ በሊታ ወፍ ነው፤ በደንብ የደረቀና የበሰለ ዓሣ ለሰው ችግር አያመጣም። ሆኖም ሆዱ የተነፋውን ለዩና ቅበሩት፤ ትሉ ሆዱን ስለሚያፈነዳው መድረቂያውን ሁሉ ያበላሻል። ጥሬውን ለዶሮም ለዳክዬም አትስጡ።

አሁን ማድረቁ። ጠላታችሁ ሰዓት ነው። ዙፕላንክተን የበላ ትንሽ ዓሣ ሆዱ ውስጥ ያለው የምግብ ማፍጫ ከሞተም በኋላ መሥራቱን አያቆምም፤ የራሱን ሆድ ያፈጫል። በሙቀት ከ4 እና 5 ሰዓት በላይ ከቆየ ሆዱ ይለሰልስና ይፈነዳል፤ ከዚያ በኋላ ጨውም ፀሐይም አያድነውም። የሌሊት ሥራ የሚመረጠውም ለዚህ ነው፦ ሌሊት 10 ሰዓት የተያዘ ዓሣ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ መድረቂያው ላይ ይሆናል፣ ሙሉ የፀሐይ ቀን ከፊቱ አለ። ከሰዓት በኋላ የተያዘ ዓሣ ግን ሌሊቱን እርጥብ ሆኖ ያድራል፤ በረዶ ከሌላችሁ አትያዙት። ጀልባው ላይ በሰፊና ዝቅተኛ ሣጥን አስቀምጡት፤ በጆንያ ከታጨቀ የታችኛው በላይኛው ክብደት ይጨፈለቃል።

መድረቂያው አልጋ ይሁን፣ መሬት ወይም አሸዋ አይሁን። የቪክቶሪያ ዳጋ ብዙው በአሸዋ ላይ ስለሚሰጣ ጥርስ ላይ ይፈጫል፤ ከሰው ገበያ ወርዶ ለመኖ የሚሸጥበት አንዱ ምክንያትም ይህ ነው። ከመሬት 1 ሜትር ከፍታ፣ ከሁለቱም ጎን እጅ እንዲደርስ 1.2 ሜትር ስፋት፣ 10 ሜትር ርዝመት ያለው የባሕር ዛፍ አልጋ ሥሩ፤ ላዩ ላይ የናይለን መረብ ወጥሩ። የብረት ወንፊት ጨው ሲነካው ይዝጋል፣ ዝገቱም ዓሣውን ያጠቁረዋል። በአንድ ካሬ ሜትር ከ3 እስከ 4 ኪሎ ብቻ፣ በአንድ ንብርብር። ይህ አልጋ በአንድ ጊዜ 40 ኪሎ ያህል ይይዛል።

ለሰው ምግብ የሚሆነውን በንጹሕ ውኃ ሁለት ጊዜ እጠቡ፣ ከዚያ 1 ኪሎ ጨው በ10 ሊትር ውኃ አሟሙታችሁ 5 ኪሎ ዓሣ ለ15 ደቂቃ ንከሩ። ከሦስት ዙር በኋላ ውኃውን ድፉትና አዲስ አዘጋጁ፤ ደም የገባበት የጨው ውኃ ራሱ የሽታ ምንጭ ነው። አጥልላችሁ ስጡት። የመጀመሪያው ቀን በየ2 ሰዓቱ አገላብጡ፤ ካልተገላበጠ ከሥሩ ይጣበቅና ቆዳው ይላጣል። ማታ ከመጨለሙ በፊት ሰብስባችሁ በሸራ ሸፍኑ፤ የሐይቁ ዳር ጤዛ በቀን የወጣውን እርጥበት ይመልሰዋል። በበጋ ከ2 እስከ 3 ቀን ይበቃዋል። በክረምት ክፍት አየር ላይ አትሞክሩት፤ ወይ ላስቲክ የለበሰና ከላይና ከታች የአየር መውጫ ያለው መድረቂያ ሥሩ፣ ወይ ሥራውን እስከ ጥቅምት አቁሙት። እኔ ብጠየቅ ማቆሙን እመርጣለሁ፤ በክረምት ውኃው ደፍርሶ የሚያዘውም ዓሣ ምን ያህል ሊሆን ነው!

መድረቁን በዓይን አትፍረዱ። ሲሰጣ 1 ኪሎ ዓሣ መዝናችሁ በአልጋው ጥግ ለብቻው አድርጉ። 250 ግራም ገደማ ሲደርስ በቅቶታል። በእጅ ሲታጠፍ ቀጭ ብሎ መሰበር አለበት፤ ተጣጥፎ ከተመለሰ መሀሉ እርጥብ ነው፣ ጆንያ ውስጥ ሻጋታ ያወጣል። እንግዲህ ሒሳባችሁን በዚህ ሥሩ፦ ከ100 ኪሎ ጥሬ 25 ኪሎ ደረቅ። የነዳጁን፣ የጨውና የጉልበቱን ወጪ ለ25ቱ ኪሎ አካፍሉት፤ ለ100ው አካፍለው ዋጋ የሚያወጡ ማኅበራት የሚከስሩት እዚህ ላይ ነው።

ዝንብ ካስቸገራችሁ አልጋውን በአጎበር ሸፍኑ፣ የታጠበበትን ውኃ ራቅ አድርጋችሁ ድፉ። ፀረ ተባይ በጭራሽ አትርጩ። ይህ ዓሣ ከነአጥንቱ፣ ከነሆዱ የሚበላ ነው፤ የተረጨው መርዝ ምንም ሳይቀንስ ሰው ሆድ ይገባል። መጋዘን ውስጥ የሚመጣው ደግሞ ጥቁር ጥንዚዛና ፀጉራም ትሉ ነው፤ የሚገባው በደንብ ባልደረቀው ላይ ነው። ጆንያውን ከመሬት በእንጨት አንሱ፣ በየሁለት ሳምንቱ ዓሣውን ለግማሽ ቀን ፀሐይ መልሱለት፤ ትሉ ይሸሻል። ቀለሙ ወደ ቢጫ ሄዶ ጉሮሮ የሚከረክር ሽታ ካመጣ ስቡ ተበላሽቷል፤ ለሰውም ለዶሮም አይሆንም።

ለመኖ ከሆነ ጨው አትንኩት። የዶሮ ጫጩት ጨው አይችልም፤ በጨው የተነከረ ዓሣ መኖ ውስጥ ሲገባ ውኃ ብቻ እየጠጡ ፈሳሽ ኩስ ይጥላሉ፣ ከዚያ ይሞታሉ። ለሰው ያልተሸጠውን ጨዋማ ዓሣ ለመኖ ማዞር የተለመደ ስሕተት ነው፤ ከመጀመሪያው ለዩት። ያለ ጨው ደርቆ የተፈጨው ዓሣ ከጠቅላላው መኖ ከ5 እስከ 8 በመቶ ይሁን፤ ማለትም በ100 ኪሎ መኖ ከ5 እስከ 8 ኪሎ። ከዚያ ከበዛ እንቁላሉ ዓሣ ዓሣ ይላል፣ ደንበኛ ይመልስላችኋል። ለሥጋ የሚታረድ ዶሮ ከመታረዱ 2 ሳምንት አስቀድሞ ዓሣውን አቁሙለት።

ለሰው ገበያ ግን ዋጋው የተሻለ ነው፤ በተለይ ዓሣ በሚበላበት የጾም ወቅት። ከነአጥንቱ ስለሚበላ ካልሲየሙ ከተገፈፈ የቀረሶ ሥጋ ይበልጣል። ባሕር ዳር ሙሉ ጥቃቅን ዓሣ መብላት ስላልተለመደ ጭንቅላቱን አንስታችሁ፣ በደረቅ ምጣድ ቆላ አድርጋችሁ፣ ፈጭታችሁ በትንንሽ እሽግ ሞክሩ፤ ሽሮ ላይ በማንኪያ ነስንሶ ማብሰል ዓሣውን እንዳለ ከማቅረብ ይቀላል።

ፈቃዱን አትዝለሉ። የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 አለ፤ ክልሉም የራሱ ሕግ አለው፤ ጣና ደግሞ ከ2015 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በዩኔስኮ የተመዘገበ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ነው። 10 ሚሊ ሜትር ዓይን ያለው መረብ ይዞ የተገኘ ሰው ምን ሊይዝ እንደሄደ ለማስረዳት ይቸገራል። መረቡን ከመግዛታችሁ በፊት ለወረዳው የእንስሳትና ዓሣ ሀብት ጽሕፈት ቤት በጽሑፍ አመልክቱ፤ ደብዳቤው ላይ የመረቡን ዓይነትና ዓይን፣ የምትሠሩበትን ቦታና ወራት፣ የጀልባችሁን ቁጥር ጥቀሱ፤ ባሕር ዳር ያለው የዓሣ ምርምር ማዕከልም የመጀመሪያውን ናሙና አይቶ ዝርያውን እንዲያረጋግጥላችሁ ጠይቁ። ለናሙናው 20 ዓሣ በአልኮል ጠርሙስ ውስጥ ይዛችሁ ሂዱ፤ በጨው የደረቀው ቅርፊቱ ስለሚረግፍ አያገለግልም።